ሆድ ይፍጀው የማያውቅ ፎቶ

እናቴ አልበሟን ስታስጎበኝ የፎቶው ፊት ብዙም አያሳስባትም። ከፕላስቲኩ ውስጥ በጥፍሯ ፈልቅቃ ታወጣውና ትገለብጠዋለች። "እየው፣ ራሱ ይናገራል" ትላለች። ጀርባው ላይ የፎቶ ቤቱ ማኅተም አለ፤ ቀን አለ፤ በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፈ "ለማይረሳው ጓደኝነታችን መታሰቢያ ይሁን" የሚል አለ። አንዳንዱ ላይ ስም ተጽፎ በኋላ በምላጭ ተፍቋል። የተፋቀው ስም የማን እንደነበር ስንጠይቃት "ሆድ ይፍጀው" ብላ ፎቶውን ወደ ቦታው ትመልሰዋለች። አክስቴ በበኩሏ አንዱ ጀርባ ላይ "በ22 ዓመቴ የተነሳሁት" ብላ ጽፋለች፤ ማኅተሙ ላይ ያለውን ዓመት ይዘን ስናሰላው 27 ይመጣል። እስከ ዛሬ ማንም ትንፍሽ አላለባትም። የፎቶው ባለቤት እሷ፣ እስክሪብቶውም የእሷ።

የስልክ ፎቶ ጀርባ የለውም የሚሉ ሰዎች አሉ። አለው። እንዲያውም ከፊቱ ጀርባው ይሰፋል። እስክሪብቶው ብቻ ነው ከእጃችን የወጣው።

ይህን ያወቅሁት በወንድሜ ልጅ ልደት የተነሳ ነው። ልጅቷ ቅጽ ልትሞላ ተቀመጠችና "የተወለድኩት መቼ ነው?" አለች። እናቴ ቡናዋን ሳታስቀምጥ "በ2000 ዓ.ም. ጳጉሜን 3፣ የሩፋኤል ዕለት" አለች። ወንድሜ "ነሐሴ 28" አለ። ሐኪም ቤት የሰጡት ወረቀት ቤት ስንቀይር ጠፍቷል። ሁሉም ፊቱን ወደ ልጅቷ እናት አዞረ። እሷ ደግሞ "እኔ ያን ዕለት ምጥ እንጂ ቀን አልቆጠርኩም" ብላ ከክርክሩ ወጣች።

ወንድሜ ማስረጃ አለኝ አለ። ላፕቶፑን አምጥቶ የሕፃኗን የመጀመሪያ ፎቶ ከፈተና ቀኑን አሳየን፤ 12ኛው ወር፣ 28ኛው ቀን፣ 2000። "ሰው ይረሳል፣ ይሄ አይረሳም" ብሎ ስክሪኑን በጣቱ መታ መታ አደረገ። እናቴ ስክሪኑን ዞር ብላም አላየችው። "ዝናቡስ?" አለች። "ከሰዓት ዝናቡ ጥሎ፣ የሩፋኤል ጠበል ነው ብለው የሰፈሩ ልጆች ራቁታቸውን ሲራጩ በሐኪም ቤቱ መስኮት አይቻለሁ። ነሐሴ 28 የማን በዓል ነውና ነው የሚራጩት?"

ክርክሩ ሦስት ቀን ፈጀ። በሦስተኛው ቀን እኔ ሽማግሌ ሆኜ ገባሁ፤ የያዝኩት ሽማግሌ ግን አንድ ፕሮግራም ነበር። መሥሪያ ቤታችን ኮምፒውተር የሚጠግነው ልጅ በፍላሽ የሰጠኝ ነው።

ፕሮግራሙ ኤግዚፍቱል ይባላል። መልኩ ለዓይን አይገባም። ቁልፍ የለው፣ ሥዕል የለው። ፎቶውን ጎትተህ ምልክቱ ላይ ስትጥለው ጥቁር መስኮት ይከፈትና እንደ ዕድር መዝገብ የተሰለፈ ጽሑፍ ይዘረግፍልሃል። የሠራው ፊል ሃርቪ የሚባል ካናዳዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 አወጣው፤ ይኸው እስከ ዛሬ በነፃ ያድላል። ገጹ ለዓመታት የኖረው ኪንግስተን ከተማ፣ በኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ክፍል ኮምፒውተር ላይ ነበር። ቦታው ይስማማዋል፤ በዓይን የማይታይ ነገር እየለቀሙ መቁጠር እነሱ ዘንድ ነውር አይደለም።

የሚያነበው ማስታወሻ ግን የጃፓኖች ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የጃፓን የኤሌክትሮኒክስ ኢንዱስትሪ ልማት ማኅበር፣ ካሜራ ሰሪዎች ሁሉ በአንድ ዓይነት አጻጻፍ እንዲመዘግቡ ኤግዚፍ የተባለ ደንብ አወጣ። ካሜራው ፎቶ ባነሳ ቁጥር ፋይሉ መግቢያ ላይ ይጽፋል፤ የሠራው ኩባንያ ማን እንደሆነ፣ ሞዴሉን፣ ቀኑን እስከ ሰከንዱ፣ ሌንሱ ምን ያህል እንደተከፈተ፣ ብርሃኑ ስንት ጊዜ እንደቆየ። ስልክ ከሆነና ቦታ መመዝገቡ ከተፈቀደለት ደግሞ የቆምክበትን ኬክሮስና ኬንትሮስ ይጨምራል (ባለቤቴ ጂኦግራፊ ስለምታስተምር እነዚህ ቃላት እኛ ቤት ከጨውና ከበርበሬ እኩል ይነሳሉ)፤ ከባህር ወለል በላይ ስንት ሜትር ላይ እንዳለህ፣ ካሜራው ፊቱን በየትኛው ዲግሪ እንዳዞረ። ፍላሽ ሳይበራ ከቀረም ዝም አይልም፤ "አልበራም" ብሎ ይጽፋል። ያላደረግኸውን ሁሉ የሚመዘግብ ጎረቤት ቢኖርህ ቤት ትቀይር ነበር። እኛ ግን ኪሳችን ውስጥ ይዘነው እንዞራለን፤ ማታ ማታም ቻርጅ እናደርገዋለን።

የሕፃኗን ፎቶ ጣልኩበት። "2000:12:28 09:20:41" አለ። ወንድሜ ወደ እናቴ ዞሮ ፈገግ አለ።

እኔን የያዘኝ ከላይ ያለው መስመር ነበር፤ የካሜራው ሞዴል። ይህ ሞዴል ገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። በፈረንጅ 2000 ላይ እንኳን ሊወለድ አልተፀነሰም። ስለዚህ ይህ 2000 የእኛ 2000 ነው ማለት ነው። "አንተ፣ ይህን ካሜራ መቼ ነው የገዛኸው?" አልኩት። ለሚሌኒየሙ። ሰዓቱንስ ማን ሞላው? ትንሽ አሰበ። እሱ ራሱ፣ መስከረም 1 ቀን ጠዋት።

የመጀመሪያውን ፎቶ ፈልገን ከፈትን። "2000:01:01 03:05:12" ይላል። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከአምስት መሆኑ ነው፤ እኛ እንረዳለን። ይህን ፎቶ ቶኪዮ ያለ ሰው ቢያየው ግን የሚያስበው ሌላ ነው። ወንድሜ የፈረንጆቹን ሚሌኒየም ሲጨፍር አድሮ፣ ገና ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ እናቱን አደይ አበባ አስይዞ ፎቶ አንስቷል።

ወደ ታች ስንወርድ ደግሞ "2000:01:31" የሚል መጣ። መስከረም 31! እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች። "መስከረም ስንት?" አለች፤ በሳቅ ቡናዋ ሊደፋ ነበር።

ወረቀትና እስክሪብቶ አነሳሁ። ካሜራው የእኛን ቁጥር ተቀበለ እንጂ ልቡ ፈረንጅ ነው። አንደኛውን ወር ጃንዋሪ ነው ብሎ 31 ቀን ሰጠው። ሁለተኛውን ፌብሩዋሪ ነው ብሎ፣ ያውም 2000 በእነሱ ቤት ፌብሩዋሪ አንድ ቀን የሚጨምርበት ዓመት ነውና፣ 29 ሰጠው። መስከረም የሰረቀውን ጥቅምት ከፈለና ኅዳር 1 ላይ ካሜራውና አገሩ ተገናኙ። ደስታው አንድ ወር ነበር። ከኅዳር በኋላ 31 በተባለ ቁጥር ካሜራው አንድ አንድ ቀን እያዘገመ መጣ። አገሩ ጳጉሜን 1 ሲል እሱ ገና 12ኛው ወር 26 ላይ ነበር። አሥራ ሦስተኛ ወር የሚባል ነገር እንዳለማ ማንም አልነገረው። እንግዲህ 26 ጳጉሜን 1 ከሆነ፣ 27 ጳጉሜን 2፣ 28 ጳጉሜን 3 ነው። ሰዓቱም 9፡20፣ ከሰዓት፤ ልክ ዝናቡ የጣለ ጊዜ።

ወንድሜ ወረቀቱን ሁለቴ ደመረው። እናቴ አልደመረችም። "ዝናቡን ነግሬያችሁ ነበር" ብላ ስኒዎቹን ሰበሰበች።

ከዚያ ቀን ወዲህ እኔ ደህና ሰው አልነበርኩም። ሰው ቤት ስሄድ ፎቶ አሳዩኝ እላለሁ፤ ሲያሳዩኝ ፎቶውን አላየውም። እንደ እናቴ ጀርባውን ነው የምፈልገው።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ያገለገለ ካሜራ ሊገዛ ሲሄድ አብሬው ሄድኩ። ኒኮን ዲ90 ነው። ሻጩ ገና ቦርሳውን ሳይከፍት ታሪኩን ጀመረ። "ዶክተር ነው የያዘው። ልጆቹን ብቻ ነው ያነሳበት።" ይህን ዶክተር አውቀዋለሁ። ያገለገለ መኪና ልትገዛ ስትሄድም እሱ ነው የሚይዛት፤ ኪሎ ሜትሩ ወደ ኋላ የዞረውም በእሱ እጅ ሳለ ነው። መኪና ላይ መርማሪ ልትሆን አትችልም፤ ኒኮን ግን እስከዚያ ቀን ሸተሩ ስንት ጊዜ እንደተተኮሰ ፎቶው ውስጥ፣ ኩባንያው ለራሱ በሚጽፈው ክፍል፣ ቁጥሩን ያስቀምጣል። (ካኖን ብዙውን ጊዜ አይጽፍም። ካኖን የሚሸጥ ደላላ ዕድለኛ ነው።) አንድ ፎቶ አነሳሁ፣ ካርዱን ላፕቶፕ ላይ ሰካሁ፣ ጥቁሩ መስኮት ተከፈተ። 143,218። የዚህ ሞዴል ሸተር በፋብሪካው የተፈተነው 100,000 ጊዜ እንዲተኮስ ነው። ባልደረባዬ ቁጥሩን ለረጅም ጊዜ አየና ሻጩን በትሕትና ጠየቀው፦ "ዶክተሩ ስንት ልጆች ነው ያላቸው?"

ቤት ስንፈልግ ደግሞ አንድ ደላላ የሚከራይ ቤት ፎቶ በቴሌግራም ላከልኝ። ግቢው ሣር ነው፤ ሣሩ ላይ ወንበር አለ፤ ወንበሩ ላይ ድመት ተኝታለች። ፕሮግራሙ ላይ ብጥለው ምንም የለም፤ ባዶ። ቴሌግራም ፎቶን እንደ ፎቶ ስትልክ አሳንሶ፣ ጀርባውን አጥቦ ነው የሚያደርሰው፤ ዋትስአፕም እንደዚያው። ጀርባው ሳይነካ የሚደርሰው እንደ ፋይል ሲላክ ነው። "ወንድሜ፣ ጥራቱ እንዳይቀንስ እንደ ፋይል ላክልኝ" አልኩት። የዋህ ነውና ላከልኝ። የተነሳው ከስድስት ዓመት በፊት ነው። ቢሆንም ሄድን፤ ሣሩ ያለበት ቦታ ሦስት ሱቆችና አንድ ጎሚስታ ቆመዋል። ደላላው ፊቱ ላይ ምንም አላነበብኩም። "ቤቱ ያው ነው" አለ። "ሣሩ ነው የሄደው።"

ይህ ነገር ከእኔ የተሻሉ ሰዎችንም አጋልጧል። ጆን ማካፊ የሚባል ሰው ነበር፤ ስሙን የያዘውን ጸረ ቫይረስ የፈጠረ፣ ዓለምን ኮምፒውተርህን ጠብቅ እያለ የከበረ። እ.ኤ.አ. በ2012 ቤሊዝ በሚባል አገር ጎረቤቱ ተገድሎ ፖሊስ ለጥያቄ ሲፈልገው ጠፋ። አብሮት ይጓዝ የነበረ ቫይስ የተባለ መጽሔት በዲሴምበር ወር ፎቶውን አወጣ፤ እኛ ካለበት ነን፣ እናንተ አታውቁም በሚል ኩራት። ፎቶው የተነሳው በአይፎን ነበርና ኬክሮሱና ኬንትሮሱ ጀርባው ላይ ተጽፎ ቀርቷል። አንባቢዎች ካርታ ላይ ቢያስቀምጡት ጓቲማላ ወጣ። በቀናት ውስጥ እዚያው ጓቲማላ ተያዘ። የዓለምን ኮምፒውተር ሲጠብቅ የኖረ ሰው የተሸነፈው በአንዲት ፎቶ ነው።

አንድ ጊዜ ብቻ አፌን ዘግቻለሁ። የአክስቴ ልጅ (የዚያችው የ22 ዓመቷ አክስቴ ልጅ፤ ነገሩ በዘር ሳይሆን አይቀርም) አንድ ፎቶ አሳየችኝ። ብቻዋን፣ ባሕር ዳር፣ ጣና ዳርቻ ቆማ እየሳቀች። ለአዲሱ እጮኛዋ አሳጥባ ልትሰጠው ነው። ደንቡ እንደሚለው ካሜራው ከትልቁ ፎቶ ጋር አንድ ትንሽ ግልባጭ ሆዱ ውስጥ ያስቀምጣል፤ ብዙውን ጊዜ 160 በ120 ነጥብ የሆነ፣ ከጉርድ ፎቶ የሚያንስ። ትልቁን ስትቆርጠው ትንሹን መቁረጥ የሚረሱ ፕሮግራሞች አሉ፤ እሷ የተጠቀመችው ከእነሱ አንዱ ነው። ትንሹን ባወጣው፣ ጣና ዳር ሁለት ሰዎች ቆመዋል። የሰውየው ክንድ ትከሻዋ ላይ ነው። አሁን ትልቁ ላይ በደንብ ካየኸው የአራት ጣቶች ጫፍ ቀርቷል፤ እኔ የቀሚሷ ጌጥ መስሎኝ ነበር። "እንዴት ነው?" አለችኝ። ቆንጆ ነው አልኳት። ሆድ ይፍጀው።

ወደ ራሴ ልመለስ፤ ብዘገይም አልቀረልኝም።

አንድ ማክሰኞ ለቤታችን ጉዳይ አንድ መሥሪያ ቤት ሰልፍ እንድይዝ ከቤት ተላክሁ። ሰልፉ ጋ ሳልደርስ ሚዜዬ ደወለ። ከዋሽንግተን መጥቶ ሁለት ሳምንት ብቻ ነው የሚቆየው፣ መኪና ተከራይቷል፣ ዓሣ አምሮታል። ቢሾፍቱ 45 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፤ በፈጣኑ መንገድ ምን አላት። ባቦጋያ ሐይቅ ዳር ዓሣ በላን፣ ስለ ድሮ አወራን፣ ቡገንቪሊያ የወጣበት ግንብ ተደግፈን አስተናጋጁ ፎቶ አነሳን። ማታ ቤት ስገባ መልሴ ተዘጋጅቷል። "ሲስተም የለም አሉኝ።" ይህን የማያምን የአዲስ አበባ ነዋሪ የለም። "ስወጣ በሩ ላይ ማንን ባገኝ ጥሩ ነው? ሚዜያችንን! እዚያው አጠገብ ካለ ካፌ ቡና ጠጣን።"

ባለቤቴ በጣም ደስ አላት። ስንጋባ ከእሱ ጋር የተነሳናቸው ምስሎች ሁሉ ቪዲዮ ካሴት ላይ ቀርተዋል፤ ይህንን አሳጥባ ሳሎን ልትሰቅለው ወሰነች። "በቴሌግራም እንዳትልከው፣ ይደበዝዛል" አለች። ይህን ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

አልደነገጥኩም። ባለሙያ ነኝ። እሷ እራት ስትሠራ ፎቶውን ወደ ላፕቶፑ አዛወርኩ። ኤግዚፍቱል ማንበብ ብቻ ሳይሆን መሰረዝም ያውቃል፤ ትእዛዝ ጻፍኩ፣ ኬክሮስን ሰረዝኩ፣ ኬንትሮስን ሰረዝኩ። ቦታው ጠፋ። እጄን ታጥቤ ወደ ማዕድ ቀረብኩ።

ከእራት በኋላ ላፕቶፑን ወደ ራሷ ሳበችና ፎቶውን ጥቁሩ መስኮት ላይ ጣለችው። ለጥርጣሬ አይመስለኝም፤ እኔን ስታይ ለምዶባት ነው። ረጅም ጊዜ አነበበች። መነጽሯን አወለቀችና መልሳ አደረገችው።

"ከፍታ" አለች።

"ምን ከፍታ?"

"ከባህር ወለል በላይ 1,889 ሜትር ይላል።" ድምፅዋ ክፍል ውስጥ ተማሪ ስትጠይቅ የምታወጣው ነው። "አዲስ አበባ መቼ ነው የሰመጠችው?"

ስልክ ይሳሳታል አልኩ። "ይሳሳታል" አለች። "አሥር ሜትር ይሳሳታል። ሃያ፣ ሠላሳ ይሳሳታል። ይሄ ከአራት መቶ በላይ ነው። አቃቂ ድረስ ብትወርድ እንኳ እዚህ አትደርስም።" ሌላ ምን ልበል? ኬክሮስን ሰርዣለሁ፣ ኬንትሮስን ሰርዣለሁ፤ ሽቅብም ልክ እንዳለ አንድ ቀን አላሰብኩም። የጂኦግራፊ አስተማሪ አግብቼ!

እዚህ ላይ ቢያበቃ ደግ ነበር፤ ካፌው ምድር ቤት ነው ብዬ ልከራከር አፌን ከፍቼ ነበር። ነገር ግን ፊል ሃርቪ ጠንቃቃ ሰው ነው። ፕሮግራሙ አንድን ፋይል እንዲለውጥ ስታዘው፣ ምናልባት ሰውየው በኋላ ቢጸጸት ብሎ፣ ያልተነካውን ቅጂ "ኦሪጅናል" የሚል ቅጥያ ጨምሮበት እዚያው አጠገቡ ያስቀምጠዋል። እኔ እንደሆነ በጣም ተጸጽቻለሁ። ባለቤቴ ጣቷን ቅጥያው ላይ አሳረፈች፣ ከፈተች፣ ቁጥሮቹን ካርታ ላይ አስገባች። ቀዩ ነጥብ ሰማያዊው ሐይቅ ጫፍ ላይ ቆመ።

"ዓሣው ጥሩ ነበር?" አለች።

ጥሩ ነበር አልኩ።

ፎቶው አሁን ሳሎናችን ተሰቅሏል። ያማረ ፍሬም ነው፤ እንግዳ ሁሉ ያደንቀዋል። ባለፈው እሁድ እናቴ መጣች። ቡናው እስኪፈላ ከግድግዳው አወረደችው፣ በጥፍሯ የፍሬሙን ካርቶን ፈለቀቀችና ገለበጠችው። ጀርባው ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ እንዲህ ይላል፦ "ሲስተም በሌለበት ዕለት። 1,889 ሜትር። መታሰቢያ ይሁን።"

"ይሄ ቁጥር ምንድን ነው?" አለች እናቴ።

ባለቤቴ ሲኒ እያጠበች ነበር። "ሆድ ይፍጀው እማማ" አለች።